ኤርታሌና ጎረቤቶቹ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ከፈነዳ ወዲህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ስለ አፋር እሳተ ገሞራዎች የሚጠይቀው ሰው በዝቷል። አንዱ ስጋት ይዞት ይጠይቃል፣ ሌላው ጉጉት፣ መምህሩ ደግሞ ተማሪዎቹን የት ወስዶ ምን እንደሚያሳይ ማወቅ ይፈልጋል። ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ ሰብስበን መልሰናል። ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጆቹ ሲሆን እ.ኤ.አ. እንላለን።

ኤርታሌ የሚባለው አንድ ተራራ ነው ወይስ ብዙ?

ተራራውም ሰንሰለቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው ሰው የሚደናገረው። ኤርታሌ ራሱ 613 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ እሳተ ገሞራ ነው። ነገር ግን ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በተዘረጋ የእሳተ ገሞራ ሰንሰለት መሐል ነው የሚገኘው። ከሰሜን ሲጀመር ጋዳ አሌ፣ ቀጥሎ አሉና ዳላፊላ፣ ከዚያ ቦራሌ፣ ከዚያ ኤርታሌ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ሃይሊ ጉቢ አለ። አሌ ባጉ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ብሎ የቆመ ነው፤ 1,031 ሜትር ስለሚደርስ ሁሉንም ይበልጣቸዋል።

ለወሎ ሰው 613 ሜትር ተራራ መባሉ ሊያስቀው ይችላል፤ ኮምቦልቻ ከተማው እንኳን ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። ግን የኤርታሌ ግርጌ ከባሕር ወለል በታች እንደሚጀምር መርሳት አይገባም። ሁለተኛ፣ ኤርታሌ እንደ ደሴው ጦሳ ተራራ ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም። ከውስጡ የሚወጣው ቅልጥ አለት ቀጭን ስለሆነ አንድ ቦታ ሳይከመር እየፈሰሰ ርቆ ይሄዳል፤ በዚህ ምክንያት ተራራው ወደ ጎን ተንጣሎ ግርጌው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከሩቅ አይቶ "ተራራው የታለ?" የሚል ሰው አይፈረድበትም።

ከደሴ ምን ያህል ይርቃል?

በአየር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። በመኪና ግን መንገዱ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ነው ወደ ሰሜን የሚታጠፈው፣ ስለዚህ ከዚያ በጣም ይረዝማል። በ1998 ዓ.ም. መሬት የተሰነጠቀበት ዳባሁ ይቀርበናል፤ በአየር ከ200 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው።

ቢፈነዳ እኛ ጋ ይደርሳል?

አብሽሩ፤ ቅልጥ አለቱ ደሴ አይደርስም። ከባሕር በታች ካለ ሜዳ ተነስቶ 2,500 ሜትር ሽቅብ የሚፈስ ነገር የለም። ኤርታሌ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከዓመት በላይ ሲያፈስ እንኳ የሸፈነው የራሱን ዙሪያ ነው።

አመድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሃይሊ ጉቢ አመድ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ በቀይ ባሕር ላይ አልፎ የመንንና ኦማንን፣ ከዚያም ፓኪስታንንና ሰሜን ህንድን አዳረሰ፤ ህንድ ውስጥ በረራዎች ተሰረዙ። እኛ ጥርት ባለ ሰማይ ስር ዜናውን በስልክ ያየነው በዚያ ወቅት ከፍተኛው ነፋስ ወደ ምሥራቅ ስለነፈሰ ነው። ነፋስ ደግሞ እንደ ወቅቱ ይገለበጣል፤ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ያለው ናብሮ ሲፈነዳ ደመናው ወደ ሱዳን ነበር ያመራው። ስለዚህ በክረምት የሚፈነዳ ተራራ ስስ አመድ ወደ ደጋው ቢልክ የሚያስገርም አይሆንም። ያ ቢሆን የሚያስፈልገው ፍርሃት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው፦ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ የውኃ በርሜልን መክደን፣ ጣሪያ ላይ ያረፈውን አመድ እንዳይቦን በትንሹ ብቻ ውኃ አርከፍክፎ መጥረግ። የአስም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ደግሞ በርና መስኮት ይዘጋ።

በነገራችን ላይ በኅዳሩ ፍንዳታ እውነተኛው ጉዳት የደረሰው አፍዴራ አካባቢ ባሉ አርብቶ አደሮች ላይ ነው። አመድ የለበሰ ሣር ግመልም ፍየልም አይበላውም። ይህ ጉዳይ ከዴልሂ በረራ ያነሰ መወራቱ ያሳዝናል።

ታዲያ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አንዳንዴ የሚሰማን መንቀጥቀጥ ከየት ነው?

አንዳንዱ ከሩቅ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፋን አካባቢ ለወራት የቆየው ዓይነት። አደገኛው ግን ከራሳችን ጓሮ የሚመጣው ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ የተቀመጡት የኢትዮጵያ ደጋ ተሰብሮ ወደ አፋር በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው። ስብራቱ አንድ ትልቅ ገደል ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመረዳት ቀላል ነበር፤ ግን ደረጃ በደረጃ የወረደ ነው፣ በደረጃዎቹ መካከል ደግሞ መሬቱ ወደ ታች የሰመጠባቸው ረዣዥም ሸለቆዎች አሉ። ቦርከና የሚፈስበት፣ ኮምቦልቻ የተቆረቆረበት ሜዳ ከነዚህ አንዱ ነው። ይህ የሸለቆ መስመር ወደ ደቡብ ወደ ከሚሴና ካራቆሬ ይቀጥላል። ሜዳው ለም የሆነው፣ ለፋብሪካና ለአውሮፕላን ማረፊያ የተመቸውም ስለሰመጠና ደለል ስለሞላው ነው። በሁለቱም ወገን የሚያዋስኑት ስብራቶች ግን ሥራቸውን አልጨረሱም።

ለዚህ ማስረጃው በሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ አለ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ 70 እና 80 ኪሎ ሜትር ርቆ ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው ተከታታይ መንቀጥቀጥ መጠኑ ከ6 በላይ ነበር። ማጀቴ ፈራረሰች፣ ካራቆሬ ላይ ብዙ ቤት ወደቀ፣ የአዲስ አበባ አስመራ ዋና መንገድ ተሰነጣጠቀ። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ የነበረውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የሚመሩት ፒየር ጉዋን ቦታውን ሄደው አጥንተውታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። የካራቆሬው በፈረንጅ 1961 ነው። በእኛ 1961 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶን ያፈረሰውና ከ20 በላይ ሰው የገደለው ሌላ መንቀጥቀጥ ሆነ። ሁለቱም "የ61ዱ" ስለሚባሉ ወሬው ይደባለቃል፤ አንድ ሽማግሌ ስለ ካራቆሬ ሲያወሩ ሌላው ስለ ሰርዶ ይሰማል።

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ደሴ ላይ ስለ ኤርታሌ የምንጨነቀውን ያህል ስለ ቤታችን መሠረት ብንጨነቅ ይሻለናል። ደሴ የመሬት መንሸራተት በደንብ የሚታወቅባት ከተማ ናት። ዝናብ የጠገበ ተዳፋት ላይ ያለ ምሰሶና ያለ ድጋፍ ግንብ የቆመ ቤት በመካከለኛ መንቀጥቀጥ ሊሄድ ይችላል። ግድግዳው ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካዩ፣ በር አልዘጋ ካለ፣ የአጥር ግንብ ሆዱን ወደ ውጭ ከነፋ፣ ክረምት ሳይገባ መሐንዲስ ያሳዩ።

ጦሳ ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር?

ድንጋዩ አዎ፣ ተራራው ግን አይደለም። ጦሳ እንደ ኤርታሌ ራሱን ችሎ እሳት የተፋ ተራራ አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አሁን የኢትዮጵያ ደጋ በምንለው መሬት ላይ፣ ከረዣዥም ስንጥቆች የወጣ ቅልጥ አለት ደጋግሞ እየፈሰሰ አንዱ በአንዱ ላይ ተነጠፈ። ክምሩ አንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል፤ አብዛኛው ደግሞ የወጣው በሥነ ምድር ሚዛን አጭር በሚባል ጊዜ፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ውስጥ ነው። ከዚያ ምድሩ ተለጠጠ፣ ተሰበረ፣ ምሥራቁ ወደ አፋር ወረደ። ጦሳ የቀረው ቁራጭ ነው።

ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ሲወርዱ ለመንገድ ተብሎ የተቆረጠውን ግድግዳ ይመልከቱ። የደጋው ባዛልት እንዲህ በተቆረጠበት ቦታ ጥቁሩ ድንጋይ ንጣፍ በንጣፍ ሆኖ ይታያል፤ በሁለት ንጣፎች መካከል ቀይ የአፈር መስመር ካገኙ፣ አንዱ ፍሰት ከቀዘቀዘ በኋላ አፈር እስኪሆን የቆየበትና ሁለተኛው መጥቶ የጠበሰው ነው። ድንጋዩን ቀረብ ብለው ሲያዩት ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት አለ፤ ጋዝ የወጣበት ነው። ጉድጓዶቹን የሞሉት ነጫጭ፣ የጥርስ ያህል የሆኑ ክሪስታሎች ግን በኋላ ውኃ ያመጣቸው ማዕድናት ናቸው። ልጆች "ጨው ነው" እያሉ ሲልሱ ታይተዋል፤ አይደለም።

ወሎ ውስጥ የዚህ ዘመን ትልቁ በረከት ኦፓል ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል የሚገኘው በባዛልትና በሌሎች የእሳተ ገሞራ ንጣፎች መካከል ባለ ስስ የአመድ ንብርብር ውስጥ ነው። ቆፋሪዎቹ ገደሉን ተከትለው ያንን ንብርብር ብቻ እየተከተሉ ወደ ውስጥ የሚገቡት ለዚህ ነው፤ ናዳ ብዙዎችን የሚያሰጋውም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ የደሴ ጥቁር ድንጋይ ከኤርታሌ ጥቁር ድንጋይ ጋር አንድ ነው?

ዘመድ ናቸው። ሁለቱም ባዛልት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ለቤት መሠረት የምንፈልጠው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው ኤርታሌ ላይ ከአሥር ዓመት በፊት የፈሰሰ ድንጋይ አለ። አዲሱ ሲረግጡት እንደ መስታወት ይንኮሻኮሻል፣ ጫፉም ጫማ ይቆርጣል።

መሬቱ እንዴት ከባሕር በታች ሆነ? ጨውስ ከየት መጣ?

አፋር ሦስት የመሬት ቅርፊት ሰሌዳዎች የሚለያዩበት ቦታ ነው፦ የእኛን ደጋ የያዘው የኑቢያ፣ የዓረቢያ እና የሶማሊያ። በሰሜን አፋር በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። የተለጠጠ ቅርፊት ይሳሳል፣ የሳሳ ደግሞ ይሰምጣል። ዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ የሚሆነው በዚህ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው የደናክል ተራራማ መሬት ባይከልለው ኖሮ ቀይ ባሕር ዛሬም በገባ ነበር።

ገብቶም ያውቃል። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ውኃ እዚያ ደርሶ ዳር ዳሩን ኮራል አብቅሎበታል። ከዚያ መግቢያው ሲዘጋ ውኃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። እንዲህ ዓይነት መግባትና መትነን ተደጋግሞ የጨው ንጣፉ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወፈረ የሚባልበት ቦታ አለ። አሞሌ ተብሎ በገንዘብ ቦታ ይገበያይ የነበረው ከዚያ እየተቆረጠ በግመል የወጣው ነው። ዛሬ ማድ ቤታችን ያለው ደግሞ በአብዛኛው ከአፍዴራ ሐይቅ ውኃ ተተንኖ የሚመረት ነው፤ አፍዴራም ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ነው።

የላቫ ሐይቁ ምንድን ነው? አሁንም አለ?

ብዙ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ያልፋል፤ ኤርታሌ ግን አፉን ከፍቶ ነው የኖረው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቅልጥ አለት ከታች ካለው ክምችት ጋር ስለሚገናኝ ትኩሱ ይወጣል፣ ጋዙን ይለቃል፣ ይቀዘቅዝና ተመልሶ ይሰምጣል። ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። ላዩ ግን ቀይ ሆኖ አይታይም፤ የፈላ ወተት ላይ እንደሚረጋ ስልባቦት ጥቁር ቆዳ ያበጃል፣ ቆዳው ይሰነጠቅና በስንጥቁ እሳት ይታያል፣ አንዱ ቁራጭ በሌላው ስር ይገባል፣ በድንገትም አንድ ጥግ ላይ ፏፏቴ ይመስል ይረጫል። ከሚረጨው ውስጥ ነፋስ የሚጎትተው እንደ ፀጉር የቀጠነ ወርቃማ የመስታወት ክር ይሆናል፤ በጠርዙ ስንጥቆች ውስጥ ተከምሮ ይገኛል። ያምራል፣ ግን በባዶ እጅ አይነካም፤ ቆዳ ውስጥ ይቀራል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ጉድ ነው።

ሐይቁ ቢያንስ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሳይንስ ሰዎች ሲታይ ቆይቷል። በጥር 2009 ዓ.ም. ግን፣ ልክ በጥምቀት ሰሞን፣ ሞልቶ ፈሰሰ። ጥር 13 ቀን በስተ ደቡብ ምሥራቅ ጎኑ አዲስ ስንጥቅ ተከፍቶ ቅልጡ አለት በዚያ ሲወጣ ዋናው ሐይቅ በአሥሮች ሜትር ወረደ። ከዚያ ወዲህ አንዴ ይታያል፣ አንዴ በጭስና በድንጋይ ይሸፈናል፤ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ፈንድቷል። ስለዚህ የድሮ ፎቶ አሳይቶ "ይህን ታያለህ" የሚል አስጎብኚ ካለ፣ የዚህን ሳምንት ፎቶ ያሳየኝ ማለት ያዋጣል።

ሃይሊ ጉቢ ለምን በድንገት ፈነዳ?

ለእኛ ነው ድንገት የሆነብን። ከዚያ በፊት በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ስላልነበረው ማንም ዓይኑን አልጣለበትም ነበር። ሆኖም ኤርታሌ በሐምሌ ሲፈነዳ ከመሬት በታች ቅልጥ አለት ወደ ደቡብ፣ በሃይሊ ጉቢ አቅጣጫ መሄዱን የሳተላይት ራዳር አሳይቶ ነበር። የሰንሰለቱ ተራሮች እንደ ጎረቤት ቤቶች የተለያየ አጥር ቢኖራቸውም ከስር ይገናኛሉ ማለት ነው። "አልተመዘገበም" ማለትም "አልፈነዳም" ማለት አይደለም፤ በዚያ በረሃ ላይ ከመቶ ዓመት በፊት መዝጋቢ ማን ነበር?

በ1998 ዓ.ም. የሆነው ነገር ምን ነበር?

ይህ በእኛ ዘመን ከታዩት የሥነ ምድር ክስተቶች ሁሉ የሚጠቀስ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራና ከእሱ በስተ ደቡብ ባለው ማንዳ ሐራሮ ላይ መንቀጥቀጥ በመንቀጥቀጥ ላይ ተከታተለ። መስከረም 16 ቀን፣ እዚህ ደሴ የደመራ እንጨት በሚሰበሰብበት ቀን፣ ዳዑሬ በተባለ ቦታ መሬት ተከፍቶ አመድና ድንጋይ ወጣ። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ሰማዩ እንደጨለመባቸው፣ መሬቱም ከብቶቻቸውን እንደዋጠ ተናገሩ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካሉት ተመራማሪዎች እነ ገዛኸኝ ይርጉና አታላይ አየለ፣ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ቦታው ደረሱ። የሳተላይት ራዳር ምስል ሲነጻጸር ደግሞ ነገሩ ከታሰበው በላይ ሆኖ ተገኘ፦ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ክፍተቱን የሞላው ከስር የመጣ ቅልጥ አለት ሲሆን መጠኑ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብዛኛው ከመሬት በላይ አልወጣም፤ እዚያው ስር እንደ ግድግዳ ቆሞ ቀረ። በቀጣዮቹ ዓመታት እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ 13 ተጨማሪ እንዲህ ዓይነት፣ ግን አነስ ያሉ መሰንጠቆች ተከተሉ፤ በነሐሴ 1999 እና በሰኔ 2001 ዓ.ም. የሆኑት ወደ ላይ ወጥተው ፈሰዋል።

ነገሩ ለምን ይደንቃል? መሬቱ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ቢለያይ 8 ሜትር ማለት የ400 ዓመት ድርሻ ነው። ያ ሁሉ በሳምንታት ውስጥ ነው የተከፈለው። ስምጥ ሸለቆ ቀስ እያለ በእኩል የሚከፈት ይመስለን ነበር፤ እሱ ግን ለዘመናት ይለጠጥና በአንድ ጊዜ ይለቀዋል፣ የሚለቀውም በቅልጥ አለት እየታገዘ ነው። ይህንን በየብስ ላይ በቅርብ ማየት የሚቻልበት ቦታ ጥቂት ነው።

"አዲስ ውቅያኖስ ሊፈጠር ነው" የሚባለው እውነት ነው?

በሚሊዮን ዓመታት ከቆጠሩ አዎ። ዩቲዩብ ላይ "በቅርቡ ኢትዮጵያ ለሁለት ትከፈላለች" የሚለው ግን ወሬ ነው።

ቦታውን መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው?

አፋሮች። ጨው ጫኞቹ፣ ግመል ነጂዎቹ፣ ከአውሳ እስከ ጨው ሜዳው መንገዱን በኮከብ የሚያውቁት። "አገኘ" የሚለው ቃል ለፈረንጆቹ ተጓዦች መሰጠቱ ልማድ ሆኖ ነው እንጂ እነሱም ያለ አፋር መሪ አንድ ቀን አያድሩም ነበር።

ከውጭ የገቡት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር እ.ኤ.አ. በ1867 በሰሜን በኩል አልፎ ነበር፤ በ1875 ግን የግብፅ ጦር ይዞ ወደ አውሳ ሲገባ ተገደለ። ጣሊያናዊው ጉስታቮ ቢያንኪ በ1884 አፋር ውስጥ ተገደለ። እ.ኤ.አ. በ1928 ኔስቢት የተባለ ተጓዥ ከሁለት ጣሊያኖች ጋር፣ ከአዋሽ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሙሉውን ቆርጦ በሕይወት ወጣ። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1933 እና 34 አዋሽን ተከትሎ ወንዙ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያልቅ አረጋገጠ።

እነዚህ ግን ተጓዦች ናቸው። የሥነ ምድር ጥናቱ በደንብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1967 ወዲህ ሃሩን ታዚዬፍ፣ ጆርጆ ማሪኔሊ፣ ፍራንኮ ባርቤሪና ዣክ ቫሬ ያሉበት የፈረንሳይና የጣሊያን ቡድን ሲገባ ነው። ሄሊኮፕተር ነበራቸው፣ ጊዜውም ረዳቸው፦ አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ የሚለው ሐሳብ ገና ሳይንቲስቱን ሁሉ እያከራከረ ነበር። ኤርታሌ ላይ ያገኙት ባዛልት በውቅያኖስ ወለል መሐል ከሚወጣው ጋር ተመሳሰለ። ማለትም ሌላ ቦታ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ውኃ የተጫነውን ነገር እዚህ በእግር እየሄዱ መዶሻ ይመቱታል። እኔ ከአሳሾቹ ታሪክ ሁሉ የምወደው ይህኛውን ነው፤ ቦታው ላይ ባንዲራ ለመትከል ሳይሆን የያዙት ጥያቄ እንዲመለስ ነው የሄዱት።

ሉሲን ከዚህ ጋር ምን ያገናኛታል?

አመዱ። ሉሲ የተገኘችበት ሐዳር ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ ከኤሊውሃ ብዙም ሳይርቅ ነው። ቦታውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሞሪስ ታይብ ራሱ የጂኦሎጂ ሰው ነበር። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት የሚባለው አጥንቷ ተመዝኖ አይደለም፤ ከላይና ከታች ካለው የእሳተ ገሞራ ንብርብር ውስጥ ያሉ ክሪስታሎች፣ በውስጣቸው በተጠራቀመው የአርጎን ጋዝ ዕድሜያቸው ተለክቶ ነው። እሳተ ገሞራ ባይኖር ዕድሜዋን መናገር በጣም በከበደ ነበር።

ይህ ሁሉ ሙቀት ኤሌክትሪክ አይሆንም?

ይሆናል። ሰመራ አጠገብ ተንዳሆ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጉድጓዶች ተቆፍረው ሙቅ እንፋሎት ወጥቷል። ኤርታሌ ራሱ ላይ ግን ማንም አይቆፍርም።

ከኮምቦልቻ ተነስቶ መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ብዙ ሰው ጉዞው ከመቀሌ ብቻ የሚጀመር ይመስለዋል። ከኮምቦልቻ የአሰብ መንገድን ይዞ በባቲ፣ በሚሌና በሎጊያ ሰመራ፣ ከዚያ በሰርዶ ወደ አፍዴራ ነው። መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው። ባቲን አልፈው ሲወርዱ ጆሮዎ ይደፈናል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ ኮረብታው ያንስና ሜዳው ይከፈታል፤ ቅድም ያልነውን ደረጃ በመኪና እየወረዱት ነው። ሰኞ ከሆነ ባቲ ገበያ ላይ ሰዓት ማባከን አይቆጭም።

መሄድ ያለበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ውጭ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ደፋር ነኝ የሚል የደጋ ሰው ሁሉ እዚያ ይለሰልሳል። ፈቃድና የአካባቢ መሪ ሰመራ ላይ ይያዛል፣ ታጣቂ አጃቢም ይመደባል። ይህ የደንብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፦ በጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታሌ ላይ አምስት የውጭ ጎብኚዎች ተገድለዋል። ከመነሳትዎ በፊት የጸጥታውንም የተራራውንም ሁኔታ እዚያው ካለ ሰው ይጠይቁ፤ የወር አሮጌ መረጃ እዚያ አይሠራም።

መውጣት በሌሊት ነው፤ ከዶዶም ሰፈር ለሚነሳ እግረኛ ሦስትና አራት ሰዓት ይፈጃል። ለአንድ ሰው በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ፣ የራስ ባትሪና ጓንት ይያዙ። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ከጀርባዎ እንዲመጣ ሆነው ይቁሙ። የድኝ ጋዝ ሲመጣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ ያኔ እርጥብ ጨርቅ አፍ ላይ አድርጎ መራቅ እንጂ "ትንሽ ቪዲዮ ልጨርስ" አይባልም። ጠርዙ ከስር ባዶ ሊሆን ስለሚችል መሪው ካለበት አልፈው አይርገጡ። የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው ቢቀር ይሻላል።

ተማሪዎችን መውሰድ እንችላለን?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በመምህርና በፈቃድ፣ አዎ። የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን ግን ኤርታሌ ድረስ አንመክርም፤ ርቀቱም ሙቀቱም ኃላፊነቱም ይከብዳል። ለእነሱ በአንድ ቀን የሚያልቅ የተሻለ ጉዞ አለ። ጠዋት ሐረጎ ላይ የባዛልቱን ንጣፍ ቆጥረው ይሳሉ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ቆመው በሁለቱም በኩል ያለውን ስብራት በዓይናቸው ይከተሉ፣ ከምሳ በኋላ ወደ ባቲ እየወረዱ በየ10 ኪሎ ሜትሩ የስልካቸውን ከፍታ መለኪያ ይመዝግቡ። ማታ ቁጥሩን በወረቀት ላይ ሲያያይዙት ደረጃው ይወጣላቸዋል። ሹፌሩ ለመንገድ በተቆረጠው ግድግዳ ስር እንዳያቆም ብቻ አስቀድመው ይንገሩት፤ ከክረምት በኋላ ድንጋይ ይወርዳል።

ድንጋይ ይዤ ልመለስ?

ከሐረጎ ለክፍል ማሳያ የወደቀ ቁራጭ ማንሳት ማንንም አይጎዳም። ከኤርታሌ ግን መሪዎን ሳይጠይቁ አያንሱ፤ የጥናት ናሙና ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል። የመስታወት ክሩን በላስቲክ ቋጥሮ ኪስ ውስጥ መክተት የሚባለውን እርሱት። ጠርሙስ ውስጥ ካልሆነ ሰመራ ሳይደርሱ ዱቄት ሆኖ ልብስዎ ላይ ያገኙታል፣ ለሳምንትም ያሳክክዎታል።